ስኳሬ፣ ጉበቴ እና ከጽጌ የደበቅሁት ነገር

መጀመሪያ የመጣብኝ ጥም ነው። ምሳ በልቼ ወደ ቢሮ ስመለስ አፌ ኩበት ይሆናል፤ ያገኘሁትን ውኃ ሁሉ ጠጥቼ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። ካዛንቺስ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ የምስለው መስመር ይደበዝዝብኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ግን ደህና ነኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ስለነበር መነጽር የሚያስፈልገኝ ጊዜ ደርሷል ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ማለት ልማዴ ነው። ከበሽታው ይልቅ የጎዳን እሱ ስለሆነ ከጥሙ በፊት የነበረውን ማስቀደም አለብኝ።

የመጀመሪያ ልጃችን ሜሮን ስትወለድ ባለቤቴ ጽጌ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሐኪሞቹ ደም እንሰጣታለን፣ ቤተሰብ በምትኩ ይስጥ አሉ። ሮጬ ሄድኩና ክንዴን ዘረጋሁ። ናሙና ወስደው ጠብቅ አሉኝ። ከሰዓታት በኋላ አንድ ባለሙያ ለብቻዬ ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ወንድሜ፣ ደምህን መጠቀም አንችልም» አለኝ። «የጉበት ቫይረስ ተገኝቶብሃል። ሄፓታይተስ ቢ ይባላል። አሁን ምንም ላይሰማህ ይችላል፣ ግን ክትትል ያስፈልግሃል። ባለቤትህም ትመርመር። ከዚህ በኋላ ልጅ ከወለዳችሁ ደግሞ ክትባት አለ፤ እንደተወለደ ይከተብ።»

ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

ያኔ ሰው ሁሉ በኤችአይቪ የተሸበረበት ጊዜ ነው። «ደሙን አልቀበልም አሉት» ከተባለ፣ ምክንያቱን ማን ይጠይቃል? ሰፈራችን የቀበሌ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙበት ነው፤ አንዱ ቤት ያስነጠሰ ሌላው ቤት ይማርህ ይባላል። የጽጌን ወንድሞች አሰብኩ። ጽጌን ራሷን አሰብኩ። ከዚያ ወደ ቢሮ ስልክ ደውዬ አብሮኝ የሚሠራውን ግርማን ጠራሁት። ግርማ ደሙን ሰጠ። ለምን እኔ እንዳልሰጠሁ ሲጠይቀኝ «ደም ማነስ አለብህ አሉኝ፤ ለጽጌ ግን አትንገራት፣ ትጨነቃለች» አልኩት። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት።

ጽጌ ስትነቃ «ማን ሰጠኝ?» አለችኝ። «እኔ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ያልሰማ ዘመድ የለም። «እኔ እኮ በሱ ደም ነው ያለሁት» ትል ነበር። እንግዳ ፊት፣ ሠርግ ላይ፣ ስንጣላ እንኳ። ሲበዛ እኔም ወደ ማመኑ ደረስኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤዛ ስትወለድ ስለ ክትባቱ አስታውሻለሁ። አልረሳሁም፣ ረሳሁ ብዬ መጻፍ ቢቀለኝም። ክትባቱን ብጠይቅ «ለምን?» መባሌ አይቀርም ነበር። በዚያ ላይ ልጅቷ ቀይና ወፍራም ሆና ነው የተወለደችው። ምንም አትሆንም አልኩ።

አሁን ወደ ጥሙ ልመለስ። ጥሙ በመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ እግሬ ሲመሽ ማበጥ፣ ሆዴ መነፋት፣ የባቴ ጡንቻ መኮማተር ጀመረ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለ። እዚያ ስለ ጥሙ ስነግራቸው «ነገ ምንም ሳትቀምስ ና» አሉኝ። ጠዋት ባዶ ሆዴን ሄጄ ስኳሬ ሲለካ ዘጠና ሁለት ሆነ። «ስኳር የለብህም፣ ተመስገን በል» ብለው ሸኙኝ። እኔም ተመስገን አልኩ።

የተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጥ ያን ጊዜ ነው የለመድኩት። ሰው ሁሉ የራሱን ካርድ በእጁ እያሻሸ የሌላውን ፊት ያነባል። አንዲት እናት የሆዴን መነፋት አይታ «አይ መጠጥ» ብላ ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማኋት። እኔ ከበዓል ጠላ ያለፈ አልጠጣም። የጽጌ ወንድሞችም ከቢሮ ስወጣ ካዛንቺስ ግሮሰሪ ለግሮሰሪ የምዞር ይመስላቸው ነበር። ጽጌ ግን «አፉን እኔ ነኝ የማሸተው» ብላ ተሟገተችልኝ። ስትሟገትልኝ ከሕመሙ በላይ ያመኝ ነበር።

ሦስተኛው ክሊኒክ ኦሎምፒያ አካባቢ ነው። እዚያ የሄድኩት በአጋጣሚ ከምሳ በኋላ ስለነበር ስኳሬን ሲለኩት ሦስት መቶ ሰባ ሆነ። ወጣቱ ሐኪም ደነገጠ። ጉበቴን አልነካም፣ ሆዴንም አላየም፤ ወረፋው ረጅም ነበር፣ አልፈርድበትም። ጠዋት ጠዋት የምትዋጥ የስኳር ክኒን አዘዘልኝና «ጣፋጭ ተው» አለኝ። ስሙ ለታወቀ በሽታ መድኃኒት በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ይህ የሆነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ጥብቅ ነበርኩ። ቤዛ ከተወለደች ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ጽጌ መንፈሳዊነት ይመስላት ነበር። እኔ ግን ለቅጣት ነው የያዝኩት። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩትን ኃጢአት በረሃብ ልከፍለው ነበር የምሞክረው። ክኒኗን በባዶ ሆዴ ውጬ ሥራ እገባለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቼ ወደ ቅዳሴ እሄዳለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀን፣ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ላብ ከግንባሬ ይንቆረቆራል፣ ግን ይበርደኛል። አንድ ሰው መንገድ እንዲያሳየኝ መጠየቄ ትዝ ይለኛል፤ ሃያ ዓመት በተመላለስኩበት መንገድ ማለት ነው። አንደበቴ ተሳሰረ። ከዚያ የአንዲት ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ ሳይሆን መውደቅ ነው ያሉት በኋላ።

ሁለት ሰዎች ቆሙና አንዱ «ሰክሮ ነው። በጾም፣ በጠራራ ፀሐይ» አለ። አለፉ።

ባለሱቋ ወጣች። እድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ጎንበስ ብላ አፌን አሸተተችና «መጠጥ አይሸትም» አለች። «አባቴ፣ ስኳር አለብዎት?»

ራሴን ነቀነቅኩ መሰለኝ። ለስላሳ ከፍታ ወደ አፌ አስጠጋች። እጇን ገፋሁት።

«ጾም ነኝ» አልኩ።

«እናቴም እንዲህ ትል ነበር» አለችኝ፤ አገጬን ይዛ አጋተችኝ። «ይጠጡ። የፈለጉትን ያህል በኋላ ይጸጸታሉ።»

ሙሉውን ጠርሙስ ጠጣሁ። ትንሽ ቆይቶ የመንገዱ ድምፅ ተመለሰ። ከኪሴ የጽጌን ስልክ ቁጥር አውጥታ የደወለችውም እሷ ናት። ስሟን ሳልጠይቅ ታክሲ ላይ ጫኑኝ። ሱቋን በኋላ ብፈልግ ቤቶቹ ለልማት ፈርሰው ሜዳ ሆኖ አገኘሁት።

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ሰላም የምትባል ሐኪም ናት። ስኳሬን ካስተካከለች በኋላ መዳፌን ገልብጣ አየች፤ ቀልቷል። ሸሚዜን ገለጠች፤ ደረቴ ላይ እንደ ሸረሪት እግር የተበተኑ ቀያይ ሥሮች ነበሩ፤ እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኳቸውም ነበር። ሆዴን ጫን አድርጋ ግራና ቀኝ መታ መታ አደረገች። በማግስቱ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ውጤቱን ይዛ አልጋዬ ዳር ተቀመጠች። ጽጌ ከማዶ ቆማለች።

«ስኳሩ ብቻውን የመጣ በሽታ አይደለም» አለች ዶክተሯ። «ጤነኛ ጉበት ሲበሉ የመጣውን ስኳር ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ሲርብዎ ደግሞ ከዚያው እየቀነሰ ለደምዎ ይሰጣል። የእርስዎ ጉበት ግን ጠባሳ ሆኗል፣ ተኮማትሯል። እኛ ሲሮሲስ እንለዋለን። ስለዚህ ሲበሉ ስኳሩ ማረፊያ አጥቶ ደምዎ ውስጥ ይከማቻል። ሲጾሙ ደግሞ ጉበቱ የሚያወጣው ነገር የለውም።»

«ባዶ ሆዱን ሲለካ እኮ ስኳር የለብህም ብለውት ነበር» አለች ጽጌ።

«ጉበት ሲታመም ጠዋት ላይ ደህና ሊመስል ይችላል። ከምግብ በኋላ ነው የሚታወቀው። የወሰዱት ክኒን ደግሞ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፣ ለእንዲህ ያለ ጉበት ከባድ ነው። ከጾሙ ጋር ሲሆን ሊገድልዎ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መጠጥ ይጠጣሉ?»

«አይጠጣም» አለች ጽጌ እኔን ቀድማ።

«እሺ። የጉበት ቫይረስ አለብዎ ብሎ የነገረዎ ሰው አለ? ከዚህ በፊት?»

የጽጌ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«የለም» አልኩ።

ያቺን አንዲት ቃል አሁንም ሳስባት ፊቴ ይግላል። ያኔ ለመናገር ምን ይከለክለኛል? ልሞት ደርሼ ነበር፣ ሐኪም ጠየቀችኝ፣ በር ከፈተችልኝ። እኔ ግን ገፍቼ ዘጋሁት።

ምርመራው በሁለተኛው ቀን እውነቱን አወጣው። ዶክተሯ ቤተሰቡ በሙሉ ይመርመር አለች። ሜሮንንና ቤዛን ይዛ የሄደችው ጽጌ ናት፤ እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ጽጌ ቫይረሱ አንድ ጊዜ አግኝቷት ሰውነቷ ራሱ አሸንፎት ኖሯል። ሜሮን ነፃ ሆነች፤ በዚያው ሳምንት መከተብ ጀመረች። የአሥራ አራት ዓመቷ ቤዛ ግን አለባት።

እንዴት ያዛት? ዶክተሯ «መንገዱን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ በወሊድ ሊሆን ይችላል፣ በልጅነት በትንሽ ቁስል፣ በጋራ ምላጭም ሊሆን ይችላል» አለች። ቤዛ ሕፃን ሳለች ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነበርኩ። ጢሜን በምላጭበት ምላጭ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ የቤዛን ጉበት ሁኔታ ለማስመርመር ሦስታችን ተመልሰን ሄድን። ቤዛ የደም ናሙና ልትሰጥ ወደ ውስጥ ገባች። እኔና ጽጌ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጽጌ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«ከኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«የቤዛ። ዶክተሯ አንዴ አግኝቶሽ ነበር አላለችም? ነፍሰ ጡር ሆኜ ይሆናል። ሳጠባት ይሆናል። አባዬም ሲሞት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ከኛ ቤት የመጣ ነው። አንተንም እኔ ነኝ ያስያዝኩህ።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ቀን ስታብሰለስለው የከረመችውን ነው የተናገረችው። «ደምህን ሰጥተህ አዳንከኝ፣ እኔ በሽታ ሰጠሁህ።»

አሥራ ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ውሸት ሰውን እንዲህ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ባዶ የቀረውን ቦታ እሷ በራሷ ጥፋት ትሞላው ኖሯል።

«ጽጌ፣ ካንቺ አይደለም» አልኳት። «አውቅ ነበር።»

«ምን ታውቅ ነበር?»

«ሜሮን የተወለደች ቀን ነገሩኝ። ደሜን አልወሰዱትም። ቫይረስ አለብህ አሉኝ። ደም የሰጠሽ ግርማ ነው።»

ፊቴን አየችኝ፤ ሌላ ሰው የምታይ ያህል ረጋ ብላ።

«ቤዛ ሳትወለድ?»

«ሳትወለድ።»

«ክትባት አለ ብለውህ ነበር?»

ይህን እንዳትጠይቀኝ ነበር አሥራ ሰባት ዓመት የሸሸሁት።

«ብለውኝ ነበር» አልኩ።

ጽጌ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ኮሪደሩን አቋርጣ ማዶ ካለው አግዳሚ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሀል ሄዳ ተቀመጠች። ቤዛ ክንዷ ላይ ጥጥ ይዛ ስትወጣ ለብቻ ለብቻ ተቀምጠን አገኘችን።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«አባትሽ ይነግርሻል» አለቻት ጽጌ። «ዛሬ፣ ቤት ሳንገባ።»

ነገርኳት። ታክሲ ተራ ድረስ በእግራችን እየሄድን፣ ጽጌ ከኋላችን እየተከተለች። ለከተማው ባቡር ሥራ መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ ስለነበር አቧራው አፋችን ይገባ ነበር። ቤዛ የተቆፈረውን ቦይ ስንሻገር እጄን ከመያዝ ይልቅ የማታውቀውን የቀን ሠራተኛ እጅ ይዛ ተሻገረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙ ሕሙማን ይጠቅማልና በዝርዝር ልጻፈው። ክኒኗ ቆመች፤ በምትኩ በምግብ ሰዓት የምወጋው ትንሽ ኢንሱሊን ታዘዘልኝ። እግሬና ሆዴ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ የሚቀንስ መድኃኒት ጀመርኩ፤ ጨው ከቤታችን ወጣ። የቫይረሱ መድኃኒት ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ እየተቋረጠ፣ እየተለመነ፣ ኋላ ግን ደህና መጣ። ዋናው ሕግ ግን ረጅም ሰዓት ያለምግብ አለመቆየት ነው። ዶክተር ሰላም «ለእርስዎ ከእራት እስከ ቁርስ ያለው ጊዜ ለጤነኛ ሰው የቀናት ረሃብ ያህል ነው፤ ሳይቀምሱ እንዳይተኙ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ከመኝታ በፊት በሶ ወይም ዳቦ እቀምሳለሁ።

ያንን በሶ የምታዘጋጀው ጽጌ ነበረች። ሰባት ወር ያህል ግድ ካልሆነ በቀር አላናገረችኝም። በሶው ግን አንድ ቀን አልቀረም። ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ትሄዳለች። አንድ ማታ አልበላም አልኩ፤ የሚገባኝ መስሎኝ ነው፣ የለመድኩትን ቅጣት ፈልጌ።

ተመልሳ መጣች። «ብላ» አለችኝ። «ሞተህ ልታመልጠኝ ነው? ልጄን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ማን ነው? የምትቀጣው ተቀምጠህ፣ ጤነኛ ሆነህ ነው።»

በላሁ። ከዚያ ወዲህ በራሴ ፈቃድ ተርቤ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ተናገርኩ፤ እሳቸውም ጾሙን ከልክለውኝ፣ ግርማን ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ግርማ ጡረታ ወጥቶ መስቀል ፍላወር አካባቢ ነበር የሚኖረው። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ «እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ጽጌ ግን ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ለግርማ ቤት ስጦታ ሳትልክ ቀርታ አታውቅም። ለእኔ መልሳ መናገር የጀመረችው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ቤት ኪራይ፣ ቀጥሎ ስለ ሜሮን ትምህርት፣ ከዚያ አንድ ቀን ስለ ምንም ነገር። «በሱ ደም ነው ያለሁት» የሚለውን ግን ዳግም አላለችውም።

አልዳንኩም። ጠባሳ የሆነ ጉበት እንደ ድሮው አይሆንም። ነገር ግን ሆዴ ጎደለ፣ ስኳሬ ረጋ፣ ከሞት ደጃፍ ተመልሼ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የቤዛ ጉበት እስካሁን ጤነኛ ነው፤ ቫይረሱ ተኝቷል ይላሉ ሐኪሞቹ። በየስድስት ወሩ ምርመራ አላት፤ እኔም አብሬያት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቀጠሮዋን አንድም ቀን አላሳለፍኩም።

ባለፈው ዓመት ቤዛ ሃያ ሦስት ሞላት። ዮናታን ከሚባል ልጅ ጋር ለመጋባት ተስማምተው ነበር። አንድ ቅዳሜ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ ኦሎምፒያ ካፌ ተቀጣጥረናል፤ አንተም ና። ልነግረው ነው፣ እንድትኖር ፈልጌ ነው» አለችኝ።

ሦስታችን ተቀመጥን። ማኪያቶው እንደመጣ፣ ስኳሩን እንኳ ሳታማስል ጀመረች።

«ዮኒ፣ አንድ ነገር አለ። ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ክትትል ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ። አንተ ትመረመራለህ፤ ነፃ ከሆንክ ትከተባለህ። ልጅ ከወለድን እንደተወለደ ይከተባል። በቃ ይሄ ነው። አስበህ ወስን፣ ዛሬ መልስ አልጠይቅህም።»

ልጁ «ከየት ያዘሽ?» አላት።

ቤዛ አላየችኝም። ልታሳፍረኝ አልፈለገችም መሰለኝ፣ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«ከእኔ» አልኩ። «አውቅ ነበር፣ አላስከተብኳትም።»

ዮናታን እኔንም እሷንም ተራ በተራ አየና ወደ እሷ ዞረ። «ክትባቱ የት ነው የሚሰጠው? ሰኞ ከሥራ ማስፈቀድ እችላለሁ» አላት።

ይኸው ነበር። እኔ ወጣትነቴን በሙሉ የሸሸሁት ንግግር ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ዮናታን ስልክ ሊያናግር ወደ ውጭ ሲወጣ ከልጄ ጋር ብቻችንን ቀረን። በስምንት ዓመት ውስጥ በቀጥታ ያላልኳትን ቃል ያን ጊዜ አልኳት።

«ቤዛ፣ ይቅር በይኝ።»

ወደ መንገዱ አየች። ከዚያ አስተናጋጁን ጠርታ ለእኔ ፉል በዳቦ አዘዘች።

«ገና ነኝ አባዬ» አለችኝ። «እየሞከርኩ ነው። ሰዓትህ አልፏል፣ ብላ።»

ፉሉ መጣ። እሷ እያየችኝ ኢንሱሊኔን ተወጋሁና በላሁ።